ከመምህርቷ ጎን የምትቀመጠው ሴት

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። ዘነበወርቅ፣ ከቀለበት መንገዱ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ፣ ቁርሳቸውን የጨረሱ የአምስት ዓመት ልጆች ተሰልፈው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። አንዱ አፉን በሹራቡ እጅጌ ይጠርጋል፤ ሌላዋ የተፈታ የጫማ ማሰሪያዋን እየጎተተች ትከተላለች። ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ፣ የፍራፍሬና የቤት እንስሳት ሥዕል፣ በመምህርቷ እጅ የተጻፉ የሳምንቱ ቀናት ተለጥፈዋል። ከኋላ፣ ከልጆቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

መምህርቷ ሰሌዳው ላይ 5 ቁጥርን ጽፋለች።

“ይሄ ስንት ነው?”

“አምስት!”

“አልሰማሁም፣ ጮክ በሉ!”

“አምስት!”

“ገባችሁ?”

“አዎ!”

“ጎበዞች፣ አጨብጭቡ።”

ከመስኮቱ አጠገብ ያለች ልጅ ብድግ ብላ “ቲቸር፣ ወንድሜም አምስት ዓመቱ ነው” አለች። “ቁጭ በይ፣ እጅ ሳይወጣ አይወራም” ተባለች። ቁጭ አለች። ከኋላ ያለችው ሴት ግን የልጅቷን ቃል እንዳለ ጽፋ አሰመረችበት።

ደብተሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። በግራ በኩል መምህርቷ ያለችው፣ በቀኝ ልጆቹ ያሉት ይጻፋል። በዚያ ጠዋት ግራው ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ገጽ ተሻገረ። በቀኝ በኩል “አምስት” እና “አዎ” እየተደጋገሙ ይወርዳሉ፤ ከመካከላቸው ዓረፍተ ነገር የሆነው ስለ ወንድሟ የተናገረችው ልጅ ቃል ብቻ ነው።

ይህች ሴት ተቆጣጣሪ አይደለችም። ራሷ ለዓመታት ሕፃናትን ስታስተምር የቆየች መምህርት ናት። አሁን ሥራዋ ሌላ መምህርት ክፍል ገብታ መቀመጥ፣ ያየችውን ከመምህርቷ ጋር መነጋገር፣ ከዚያም በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ መምጣት ነው። ባለሙያዎቹ ኮቺንግ ይሉታል፤ መምህራኑ “ኮቿ መጣች” ይላሉ። አዲስ አበባ ለሕፃናት ትምህርት ካወጣችው ወጪ ጎን ሲታይ ኢምንት የሚመስል ሥራ ነው። ሆኖም የተሠሩት ክፍሎች ውስጥ ልጆች መማር አለመማራቸውን የሚወስነው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሜዳ ሲወጡ ሁለቱ ሴቶች ክፍሉ ውስጥ ቀሩ። ኮቿ “ይሄ ስህተት ነው” አላለችም። ደብተሩን ዘርግታ ያሰመረችበትን ቃል አነበበችላትና “እዚህ ጋ ምን አሰብሽ?” ብላ ጠየቀች።

መምህርቷ ዝም ብላ ቆየች። “ሥርዓቱ እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ ነው” አለች በመጨረሻ። “አንዷን ካዳመጥኩ ሁሉም ማውራት ይጀምራል። ከአርባ በላይ ናቸው።”

“እውነትሽን ነው፣ ያወራሉ። አራት አራት ሆነው ቢያወሩስ?”

ስለ ድምፅ አወጣጥ፣ ስለ ሰሌዳ አጠቃቀም፣ ወይም ስለ ትምህርት ዕቅዱ አልተነሣም። ለሚቀጥለው ሳምንት የተያዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጆቹን በቡድን አስቀምጦ፣ በእጃቸው ቆርኪ ሰጥቶ፣ ጠይቆ መጠበቅ።

በሳምንቱ እያንዳንዱ ቡድን አምስት አምስት ቆርኪ ተሰጠው። አንዱ ልጅ የፈለገውን ያህል በመዳፉ ሥር ይደብቃል፤ ሌሎቹ የቀረውን አይተው የተደበቀውን ይናገራሉ። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ተተራመሰ። ቆርኪዎች ወንበር ሥር ተንከባለሉ፤ ሁለት ልጆች በአንዲት ቀይ ቆርኪ ተጣሉ። መምህርቷ ወደ ኋላ ዞር ብላ ስታይ ኮቿ አልተቀመጠችም፤ አንዱን ቡድን ይዛ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። “ስንት ደበቀ?” ብላ ጠየቀችና ዝም አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች በልቧ የምትቆጥር ይመስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፁ ብዙም የማይሰማ አንድ ልጅ “ሁለት” አለ። “በምን አወቅህ?” አሁንም ዝም። “ሦስቱ እዚህ ስላሉ።”

መምህርቷ ይህን ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቡድን ሄዳ ራሷ ሞከረችው።

ልጁ የመቀነስ ምልክትን አያውቅም። ምልክቱ ወደፊት አንደኛ ክፍል ሲደርስ ይመጣል። መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ግን በእጁ ዳስሶ፣ በአፉ ተናግሮ አግኝቶታል። አምስትን በጩኸት የሚደግም ልጅና አምስት ውስጥ ሦስትና ሁለት እንዳሉ የሚያውቅ ልጅ ከኋላ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የሚወጣው “በምን አወቅህ?” ሲባሉ ነው። ይህን ጥያቄ ጠይቆ መልሱን መጠበቅ ቀላል ይመስላል። ከአርባ ልጆች ፊት ቆሞ ለአምስት ሰከንድ ዝም ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱ የሚገኘውም ሌላ ሰው ሲያደርገው በዓይን ከማየት ነው።

«ቀኙ ሲሞላ ነው ልጆቹ እየተማሩ መሆናቸውን የማውቀው።»
— አንዲት ኮች

ክፍሉ ተገኝቷል

ልጅን ከሰባት ዓመቱ በፊት ማስተማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ፊደል ይቆጥር ነበር፤ በመድረሳም ቁርኣን ይቀራል። የኔታ ሕፃኑን ለብቻው አስጠግተው፣ ስንደዶውን በፊደሉ ላይ እያሳለፈ ሲያነብ ያዳምጡታል። ኃይለኛ ነበሩ፣ አለንጋም ነበር፤ ያም ሆኖ እያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ የራሱ ድምፅ የሚሰማበት ጊዜ ነበረው።

ዘመናዊው አፀደ ሕፃናት የተጀመረው ድሬዳዋ ላይ፣ ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነው ይባላል። ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ከፍሎ የሚያስተምር ሰው ጉዳይ ሆኖ ቆየ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ መደበኛ ትምህርት ዓላማ ቢያስቀምጥለትም ሥራው በአመዛኙ ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች ተተወ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ሲያወጡ፣ በአገሪቱ ቅድመ መደበኛ የሚማሩ ሕፃናት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ያን ጊዜ ነው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍል ለቀው “ዜሮ ክፍል” ብለው ሕፃናትን መቀበል የጀመሩት። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ግማሽ ገደማ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛን የትምህርት መዋቅሩ አካል አድርጎታል።

አዲስ አበባ ከሌላው ቀድማ ሄዳለች። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የደንብ ልብስና ደብተር በነፃ ያገኛሉ። በከተማዋ የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም የሰለጠኑ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ያማክራሉ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በዘነበወርቅ መንደሮች በባዶ ሆድ ትምህርት ቤት ይሄዱ የነበሩ ልጆች ታናናሾች ዛሬ ጠግበው ይማራሉ።

ክፍሉ ሲከፈት ግን የሚያስተምረው ሰው በዚያው ፍጥነት አልተዘጋጀም። በብዙ ቦታ ዜሮ ክፍል የተሰጠው ትልልቅ ልጆችን ሲያስተምር ለኖረ መምህር ወይም አጭር ኮርስ ለወሰደች ወጣት ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሆነው አስተማማር ለአምስት ዓመት ልጅ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ከላይ ያየነው ክፍል ይናገራል። መዘዙም ወደ ላይ ይቀጥላል፤ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ሁለተኛ ክፍል ከደረሱ ልጆች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደማይችሉ አሳይቷል።

ሐኪሙ የሚሠለጥንበት ሰፈር

ዘነበወርቅ ስሟን ያገኘችው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ለሕክምና ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ተመልሰው መሄድ ሲያቅታቸው፣ ወይም ተመልሰው የሚቀበላቸው ሲያጡ፣ በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው መንደር መሠረቱ። ፈትል እየፈተሉ፣ እየሸመኑ፣ እየለመኑም ልጅ አሳደጉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በዚያው ቦታ አለርት ተቋቋመ። ከመላው አፍሪካ የመጡ የጤና ባለሙያዎች የተማሩበት ቦታ ነው፤ የተማሩትም በመማሪያ ክፍል ብቻ ሳይሆን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ፣ ልምድ ያለው ሐኪም ሲነካ እያዩ፣ ከዚያም እሱ እያያቸው ራሳቸው እየነኩ ነው። ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ገለጻ ሰምቶ፣ አበልና ሰርተፍኬት ተቀብሎ የወጣን ሰው በሽተኛ እንዲያክም የሚፈቅድ የለም።

መምህራንን የምናሠለጥነው ግን እንዲሁ ነው። በክረምት ወይም በሴሚስተር መካከል አዳራሽ ይያዛል፤ ፕሮጀክተር ይበራል፤ ስለ ጨዋታ ጥቅም ለሁለት ቀን ያለ ምንም ጨዋታ ይነገራል። መምህርቷ ሞዴል የሆነውን ክፍል ፎቶ አይታ ወደ አርባ ልጆቿ ትመለሳለች። ሰኞ ጠዋት ቆርኪው ወለሉ ላይ ሲበተን የሚያግዛት የለም። በማግስቱ ወደ ለመደችው ትመለሳለች፤ አትወቀስም።

በዚህ ሰፈር ደግሞ ልጆቹ ይዘውት የሚመጡት ነገር ከባድ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ከቆሻሻው ክምር አጠገብ የሚኖሩና ከዚያው እየለቀሙ የሚያድሩ ነበሩ። ዛሬም ከወላጆች መካከል ጎህ ሳይቀድ ለሥራ የሚወጡ፣ ልጃቸውን ለታላቅ እህት ትተው የሚሄዱ አሉ። ጠዋት ዝም ብሎ የሚገባ፣ ሲነኩት የሚደነግጥ፣ ያለ ምክንያት የሚማታ ልጅ በየክፍሉ ይገኛል። አንዲት መምህርት ስለ እንዲህ ያለ ልጅ ስታወራ “ድሮ ከበር አስቆመው ነበር” አለች። “ኮቿ ‘በመጀመሪያ ስሙን ጠርተሽ ከጎንሽ አስቀምጪው፣ ሌላውን በኋላ እናየዋለን’ አለችኝ። በቃ፣ ይህንኑ ነው ያደረግሁት። ልጁ አሁን ሌሎቹን ያሰልፍልኛል።”

የሌሎች አገሮች ልምድ

የኮቺንግን ጉዳይ በጥንቃቄ ከመረመሩት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ናት። በ2007 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ግዛቷ፣ በሴትስዋና ቋንቋ ንባብ በሚያስተምሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ተሞከሩ። ሁለቱም ወገን መምህራን አንድ ዓይነት የትምህርት ዕቅድና መጻሕፍት አገኙ። አንደኛው ወገን አዳራሽ ገብቶ ሠለጠነ፤ ሁለተኛው ክፍሉ ድረስ የሚመላለስ ኮች ተመደበለት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለካ፣ ኮች ያላቸው መምህራን ልጆች ያገኙት የንባብ ለውጥ የሌሎቹ ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነ።

እዚያው አገር ቆየት ብሎ፣ ኮቿ በአካል ከምትመላለስ በታብሌትና በስልክ ብታግዝስ ተብሎ ተሞከረ። በመጀመሪያው ዓመት ልዩነት የሌለ መሰለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በአካል የምትመጣው በግልጽ በለጠች። መምህራንን በቴሌግራም ግሩፕ ቪዲዮ እየላኩ ማብቃት ይቻላል ለሚሉ የእኛ አገር ኃላፊዎች ይህ ሊነገራቸው ይገባል። ቪዲዮው ደግ ነው፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ግን አያሳይም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። በ2010 ዓ.ም. የታተመ፣ ስልሳ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ፣ ኮቺንግ የመምህራንን ሥራ በእጅጉ እንደሚያሻሽል ካሳየ በኋላ፣ ፕሮግራሙ እየሰፋ ብዙ መምህራንን ሲያቅፍ ውጤቱ እንደሚቀንስ ጨምሮ አመልክቷል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ ጥሩ ኮች በአንድ ጊዜ ተፈልፍላ አትገኝም፤ መቶ መምህራን የተሰጣት ኮችም ዳግመኛ የማትመለስ እንግዳ ትሆናለች።

ቼክሊስት ይዞ የሚመጣው

እኛ ዘንድ ክፍል ገብቶ የሚያይ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ከጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር ይመጣል፤ ከወረዳ ይመጣል፤ ከክፍለ ከተማ ቡድን ይመጣል። ሁሉም ቼክሊስት ይዘዋል። የሳምንቱ ዕቅድ ተጽፏል ወይ? መርጃ መሣሪያ ተሰቅሏል ወይ? የመማሪያ ማዕዘናት ተለይተዋል ወይ? ምልክት ይደረጋል፣ አስተያየት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ እንግዳው ይሄዳል። ምልክቱ የመምህርቷ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ ስለሚገባ፣ እሷም እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታውቀውን፣ ልጆቹም የሸመደዱትን ታሳያለች። የሚከብዳትን ማሳየት ዋጋ ያስከፍላታል።

በዚህ ምክንያት ማዕዘናቱ ያምራሉ፤ “የሱቅ ማዕዘን” የሚል ጽሑፍ፣ ባዶ የዱቄት ካርቶን፣ የዘይት ጀሪካን በሥርዓት ተደርድሯል። ልጅ ግን ይገዛበታል ወይ? ብዙ ጊዜ አቧራው ይመልሳል። እንዳይበላሽ ተብሎ ልጅ የማይነካው መርጃ መሣሪያ የቼክሊስት ልጅ ነው።

“መጀመሪያ ስትመጣ እንደ ሱፐርቫይዘር ነበር ያየኋት” ትላለች ሌላ መምህርት። “ከርዕሰ መምህሩ ጋር አንድ ላይ ቢሮ ገብታ ሳይ ደግሞ አለቀልኝ አልኩ። ብዙ ሳምንት ከሄደ በኋላ ነው ደብተሯ የትም እንደማይሄድ ያመንኩት። አሁን የከበደኝን ቀን መርጬ ነው የምጠራት።”

ከዚህች መምህርት የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ኮች ሥራዋን ሠርታለች የሚባለው መምህርቷ የሚያስመሰግናትን ሳይሆን የሚያስቸግራትን ክፍለ ጊዜ ስታሳያት ነው። ያንን ለማግኘት የኮቿ ደብተርና የምዘናው ቅጽ በፍጹም መገናኘት የለባቸውም። አንድ ርዕሰ መምህር “ያየችውን ካልነገረችኝ እኔ ምን ልመዝን?” ሲል ጠይቋል። ጥያቄው የቅንነት ነው። መልሱ ግን እሱ ራሱ ገብቶ ይይ፣ በራሱ ዓይን ይመዝን የሚል ነው።

«የከበደኝን ቀን መርጬ ነው የምጠራት።»
— አንዲት የዜሮ ክፍል መምህርት

ደብተሩን የምታገላብጥ እናት

ቀን ላይ ጨዋታ የሞላበት ክፍል ማታ ቤት ሲደርስ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። እናት ልጇን ከትምህርት ቤት በር ላይ ተቀብላ መጀመሪያ የምታየው ደብተሩን ነው። ገጹ ባዶ ከሆነ “ዛሬ አልተማራችሁም እንዴ?” ትላለች። በማግስቱ መምህርቷን “የኔ እህት፣ የጎረቤቴ ልጅ ከኔ ልጅ እኩል ሆና እንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ የእናንተ መቼ ነው?” ትላታለች። የጎረቤት ልጅ የምትማረው ኮልፌ ውስጥ ካሉት የግል ኬጂዎች በአንዱ ነው፤ እዚያ የሦስት ዓመት ልጅ የቤት ሥራ ይዞ ይመለሳል። የአንዱ ኬጂ ባለቤት ጣቷን ወደ ወላጆች ትቀስራለች፦ “ገጽ ካልሞላ ልጁን ወደ ሌላ ያዛውሩታል። እኔ ደግሞ ኪራይ አለብኝ።”

እናቲቱን አልፈርድባትም። ራሷ ያልተማረች ሴት ልጇ መማሩን የምታውቅበት ሌላ ማስረጃ ማን ሰጣት? ሆኖም ግፊቱ የኮቿን ሥራ ሊያፈርስ ይችላል። ጋና ውስጥ፣ በታላቋ አክራ፣ በ2008 የትምህርት ዘመን የቅድመ መደበኛ መምህራን ሠልጥነውና በኮች ታግዘው የልጆች ውጤት ተሻሻለ። ከመምህራኑ በተጨማሪ ለወላጆች ስለ ጨዋታ ጥቅም ስብሰባ በተደረገባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ያ መሻሻል አልታየም። ስብሰባ ጠርቶ “ጨዋታ ትምህርት ነው” ብሎ መስበክ ወላጅን እንደማያሳምን፣ ይባስ ብሎም እንደሚያስበረግግ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አንዲት የዘነበወርቅ መምህርት ያገኘችው መንገድ ግን ለእኔ ደስ ይላል። አርብ አርብ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በሩን ዘግታ ከመጠበቅ ይልቅ አሥር ደቂቃ ቀድማ ትከፍተዋለች። ልጁ እናቱን ወለሉ ላይ ቁጭ አድርጎ “ስንት ደበቅሁ?” ይላታል። እናት ትሳሳታለች፤ ልጅ ያርማታል። እዚያች ወለል ላይ የተቀመጠች እናት ስለ ባዶ ገጽ ለመጠየቅ አትቸኩልም።

ሰውና ታክሲ

“ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ኮች የሚሆን ሰው ከየት እናመጣለን?” ይላሉ አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ። ሰው አለ። በየትምህርት ቤቱ፣ ሳትጮህ የምታስተምር፣ ልጆች የሚከተሏት አንዲት መምህርት አትጠፋም፤ ግቢው ሁሉ ያውቃታል። አብዛኛውን ጊዜ ይህች መምህርት ስታድግ ምክትል ርዕሰ መምህርት ትሆንና ከልጆች ተለይታ ፋይል ላይ ትቀራለች፤ ወይም የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ወደ ግል ትሄዳለች። ከክፍል ሳትርቅ የምታድግበት እርከን ቢኖር እሷ ራሷ ኮቿ ናት። ትምህርት ቤቶችን በጉድኝት የሚያስተሳስረው መዋቅር ደግሞ ድሮም አለ፤ አዲስ ቢሮ መክፈት አያስፈልግም።

ኬንያ ቱሶሜ የተባለውን የንባብ ፕሮግራም በአገር ደረጃ ስታስፋፋ ከሠራቻቸው ነገሮች አንዱ ቀላል ነበር። ድሮም በደመወዝ ላይ ያሉት የአካባቢ የትምህርት ባለሙያዎች ክፍል ገብተው መምህራንን እንዲያግዙ አደረገች፤ የትራንስፖርት ወጪያቸውንም ትምህርት ቤቶችን በጎበኙት ልክ ከፈለች። ባለሙያዎቹም ወደ ክፍል መሄድ ጀመሩ።

ዘነበወርቅ ያገኘኋት ኮች ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የምትሄደው በራሷ ገንዘብ ነው። ታክሲ ሲጠፋ በእግሯ ትሄዳለች፤ የሁለተኛው ክፍል ትምህርት ተጀምሮ ትደርሳለች፤ በወሩ መጨረሻ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ጭራሽ ትቀራለች። መምህርቷ የከበዳትን ቀን መርጣ የጠበቀቻት በዚያ ሳምንት ሊሆን ይችላል።

የቅድመ አንደኛ ትምህርትን የምትመሩ የከተማና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች፦ ለአዳራሽ ሥልጠና ከያዛችሁት አበል ከፊሉን ቀንሳችሁ ለዚህ አውሉት። ለአንድ ኮች በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ተመልሳ ልታያቸው ከምትችላቸው በላይ መምህራን አትስጧት። ደብተሯ ምዘና ውስጥ እንደማይገባ በደብዳቤ ይጻፍላት። የታክሲ ሒሳቧም በዘንድሮው በጀት ይያዝ።